ፎቶ ማያችሁን በራሳችሁ ፎቶ ፈትኑት
(ደብረ ብርሃን ላይ ለፎቶ ባለሙያዎች፣ ለኮምፒውተር መምህራንና ለተማሪዎች የተደረገ ንግግር፤ ከድምፅ ቅጂው እንዳለ የተገለበጠ)

እንደምን ዋላችሁ? ብርዱ ድምፃችሁን ይዞታል መሰለኝ፤ እንደገና ልጠይቅ። እንደምን ዋላችሁ! እግዚአብሔር ይመስገን፤ አሁን ተሰማኝ።

የተከበራችሁ የፎቶ ባለሙያዎች፣ መምህራን፣ ተማሪዎች፣ እንዲሁም በየአጥቢያችሁ የብራና መጻሕፍትን በካሜራ እያነሳችሁ የምታስቀምጡ አባቶችና ዲያቆናት፤ ከመሃል ሜዳ፣ ከእነዋሪ፣ ከደብረ ሲና፣ ከአንኮበር በዚህ ውርጭ ገና ሳይነጋ ተሳፍራችሁ የመጣችሁ አላችሁ። የከተማችን ሰዎችም ብትሆኑ በሥራ ቀን ፎቶ ቤት ዘግቶ መምጣት ምን ያህል እንደሚከብድ አውቃለሁ። ክብረት ይስጥልኝ።

የተሰጠኝ ርዕስ ሲሰሙት ትንሽ ነው። ሊኑክስን፣ በዊንዶውስ ፈንታ ኮምፒውተሩን የሚያስኬደውን ነፃ ሥርዓት፣ በጫንበት ኮምፒውተር ላይ ፎቶ በየትኛው ፕሮግራም እንክፈት? ብዙ ሰው «ፎቶ ፎቶ ነው፤ በምንስ ቢከፈት?» ይለኛል። እኔ ደግሞ እንዲህ ብዬ እጠይቃለሁ፦ ስንቶቻችን ነን አንድ ቅጂ ብቻ ያላት ፎቶ በእጃችን ያለች? የሟች አባት ፎቶ፣ የእናት ፎቶ፣ ገና ያልታተመ የሰው ሠርግ? እጃችሁን አንሱ እስቲ። ይኸው፤ አዳራሹ ሙሉ ነው። እንግዲህ ያቺን ፎቶ በየቀኑ የሚነካት ፕሮግራም የትኛው እንደሆነ መምረጥ ትንሽ ነገር አይደለም።

ብዙዎቻችን ወደ ሊኑክስ የመጣነው ወደን ብቻ አይደለም። ፍላሽ በተሰካ ቁጥር ቫይረስ ይገባል፣ ማሽኑ ያረጃል፣ ዊንዶውስ ይከብደዋል፤ አንድ ጓደኛ መጥቶ ኡቡንቱ ወይም ሚንት የሚባል የሊኑክስ ስርጭት ይጭንልናል። ከዚያ በኋላ ግን አብሮ የመጣውን ፎቶ ማያ «ይኼ ነው የተሰጠኝ» ብለን እንቀበለዋለን። ሊኑክስ ላይ የተሰጠ ብቻ የለም። መምረጥ ይቻላል፤ ብዙውም በነፃ ነው።

ሦስት ጥያቄ አነሳለሁ። አንደኛ፣ ማሽናችሁ ምን ይችላል? ሁለተኛ፣ የምትከፍቱት ምን ዓይነት ፎቶ ነው? ሦስተኛ፣ ፕሮግራሙ ፎቶው ላይ ምን ያደርጋል? ሦስተኛው ላይ ብዙ እቆያለሁ፤ ካሁኑ ይታወቅ።

አንደኛው ማሽኑ ነው። ዛሬ ብዙዎቻችሁ የምትይዙት ካሜራ ወርዱ 6000፣ ቁመቱ 4000 ነጥብ የሆነ ፎቶ ያነሳል። 24 ሜጋፒክስል የምንለው እሱ ነው። ፋይሉ ዲስክ ላይ 8 ሜጋባይት ሊሆን ይችላል። ሲከፈት ግን ታሪኩ ሌላ ነው። ለእያንዳንዱ ነጥብ አራት ባይት ቁጠሩ፤ 24 ሚሊዮን በአራት፣ 96 ሚሊዮን ባይት። ለአንድ ፎቶ! ብዙ ፎቶ ማያዎች ደግሞ እንዳንጠብቅ ብለው ቀጣዩን ፎቶ አስቀድመው ራም ላይ ይጭናሉ። 2 ጊጋባይት ራም ያለው ማሽን፣ ድር ማሰሻው ተከፍቶ፣ ሙዚቃው እየተጫወተ፣ ይህ ሲጨመርበት ምን ይሆናል? ቀጥ ይላል።

መንዝ ውስጥ አንድ ትምህርት ቤት ሄጄ ያየሁት ይኼንኑ ነው። ተማሪዎቹ የሥነ ሕይወት መምህራቸው ያነሳላቸውን የዕፅዋት ፎቶ ሊያዩ ተቀምጠዋል፤ ማሽኑ አይነቃነቅም። መምህሩ «ኮምፒውተሮቹ ሞተዋል፤ አዲስ ይገዛልን ብለን ልንጽፍ ነው» አለኝ። አልሞቱም ነበር። ከባዱን ዴስክቶፕ፣ ማሽኑ ሲነሳ የምናየውን መስኮትና ምናሌ የሚያቀርበውን ክፍል ማለቴ ነው፣ አንስተን ኤክስኤፍሲኢ የሚባለውን ቀላል ዴስክቶፕ አስገባንላቸው፤ ከእሱ ጋር ሪስትሬቶ የሚባል ፎቶ ማያ አለ። ፎቶው ተከፈተ። ልጆቹ ቅጠሉን ዙም እያደረጉ ሥሮቹን መቁጠር ጀመሩ። ሪስትሬቶ ብዙ ነገር አይችልም፤ ፎቶ ያሳያል፣ ወደ ቀጣዩ ያልፋል፣ ያ ይበቃል። ከዚያም ቀለል ያለ ለሚፈልግ ፌህ አለ፤ ከላይ የምናሌ አሞሌ የሌለው፣ በአብዛኛው በትዕዛዝ መስመርና በቁልፍ የሚሠራ። ተማሪዎች፣ እናንተ ፌህን ሞክሩት፤ ትዕዛዝ መጻፍም በዚያው ትለማመዳላችሁ።

እዚህ ላይ ስለ ኢንተርኔት አንድ ነገር ልጨምር፤ የእኛ አገር ሰው በሞባይል ዳታ ነው የሚያወርደው። ግዌንቪው የኬዲኢ ዴስክቶፕ ፎቶ ማያ ነው፤ ጎበዝ ነው፤ በኋላ አመሰግነዋለሁ። ነገር ግን ጂኖም የሚባለው ሌላ ዴስክቶፕ ባለበት ማሽን ላይ ስትጭኑት የኬዲኢን ቤተ መጻሕፍት፣ ማለትም ፕሮግራሞቹ በጋራ የሚደገፉባቸውን ፋይሎች፣ አስከትሎ ይመጣል። ፍላትፓክ በሚባለው መንገድ ስትጭኑ ደግሞ የመጀመሪያው ፕሮግራም መሠረቱን ጭምር ስለሚያወርድ በመቶዎች የሚቆጠር ሜጋባይት ሊወስድ ይችላል። «ጫን» ከማለታችሁ በፊት የሚወርደውን መጠን አንብቡ። ይጽፍላችኋል እኮ!

ሁለተኛው ጥያቄ፤ ምን ዓይነት ፎቶ?

ጄፔግና ፒኤንጂ ሁሉም ይከፍተዋል፤ እሱን ተዉት። የሚያስቸግረን ሌላው ነው። ከውጭ የመጣ ዘመድ በአይፎን ያነሳውን በፍላሽ ይሰጣችኋል፤ ኤችኢአይሲ የሚል ነው፤ አይከፈትም። አፕል ይህን ዓይነት ፋይል እ.ኤ.አ. በ2017 ነው ያመጣው። ደንበኛው «ፎቶዬ ተበላሽቷል» ብሎ ይደነግጣል። አልተበላሸም። ፋይሉ የተጨመቀበት ዘዴ የፓተንት ጣጣ ስላለበት አንዳንድ የሊኑክስ ስርጭቶች፣ ለምሳሌ ፌዶራ፣ መፍቻውን አብረው አይሰጡም፤ ከሌላ ማከማቻ ለይታችሁ መጨመር አለባችሁ። ኡቡንቱም ላይ በቆየው የጂኖም ፎቶ ማያ፣ በአይ ኦፍ ጂኖም፣ ለመክፈት አንዲት ተጨማሪ ጥቅል መጫን ሊያስፈልግ ይችላል። ደንበኛን ከመመለሳችሁ በፊት ይህን እወቁ፤ አደራ።

የሠርግና የዱር አራዊት ፎቶ አንሺዎች ደግሞ በጥሬው፣ ካሜራው ገና ወደ ተለመደ ፎቶ ባልቀየረው ፋይል፣ ታነሳላችሁ፤ ኒኮኑም ካኖኑም የየራሱ ጥሬ ፋይል አለው። ጥሬ ፋይል ውስጥ ካሜራው ራሱ ያዘጋጀው አንድ ጄፔግ ተቀምጧል። ጊኪ የሚባለው ፕሮግራም ያንን ፈልጎ ያወጣና ወዲያው ያሳያችኋል። ጓሳ ላይ ጭላዳ ስታነሱ ዋላችሁ እንበል። መንጋው አንዴ ከተንቀሳቀሰ ካሜራው ሳያቋርጥ ይተኩሳል፤ ማታ ስትመለሱ አንድ ዓይነት የሚመስል ፎቶ እልፍ ነው። ጊኪ ጥሬውንና ጄፔጉን አንድ ላይ አጣምሮ ይይዝላችኋል፣ ሁለት ወይም አራት ፎቶ ጎን ለጎን አድርጎ ያወዳድርላችኋል፣ ተመሳሳዮችንም ፈልጎ ያወጣል። መልኩ አሮጌ ነው፤ ቁልፎቹም ለመልመድ ጊዜ ይፈልጋሉ። እኔ ግን ለፎቶ ቤት ከጊኪ የተሻለ አላየሁም፤ ይህን ስል ቃሌን አስቤበት ነው።

የብራና ሥራ ላይ ያላችሁ አባቶች፣ የእናንተ ሌላ ነው። ለእናንተ ቀለሙ ሕይወት ነው። የቅዱሳን ስም በቀይ ነው የሚጻፈው፤ ቀዩ ቡናማ መስሎ ከታየ፣ ነገ ብራናውን ሳያይ በፎቶው ብቻ የሚያጠና ሰው ይሳሳታል። ስለዚህ የቀለም መግለጫ፣ አይሲሲ ፕሮፋይል የሚባለውን፣ የሚያከብር ፎቶ ማያ ያስፈልጋችኋል። ግዌንቪው፣ ጊኪ፣ አይ ኦፍ ጂኖም ያከብሩታል። ደግሞ የገጾቹ ቅደም ተከተል አለ። አንኮበር አካባቢ አንድ መርጌታ ገጾቹን 1፣ 2፣ 3 እያሉ ቁጥር ሰጥተው አስቀምጠው ሳለ ፕሮግራሙ ከ1 ቀጥሎ 10ን፣ ከዚያ 11ን ያመጣባቸዋል። «ልጄ፣ መጽሐፉ ከመካከል ተቆርጧል» አሉኝ። አልተቆረጠም፤ ፕሮግራሙ ቁጥሩን እንደ ፊደል ነው የደረደረው። ጊኪ ላይ በተፈጥሯዊ ቅደም ተከተል ደርድር የሚል ምርጫ አለ፤ እሱን ስንነካው መጽሐፉ ተስተካከለ። ባለ ሦስት አኃዝ ቁጥር፣ 001፣ 002 ብላችሁ ከጀመራችሁማ በየትኛውም ፕሮግራም አይዛባም።

አሁን ሦስተኛው። እባካችሁ እዚህ ላይ ጆሯችሁን ስጡኝ።

ከጣርማ በር በታች ካለ ቀበሌ አንዲት እናት ፍላሽ ይዘው መጡ። ልጃቸው አርፏል፤ ነፍሱን ይማርና። ከእሱ የቀረቻቸው በጥምቀት ዕለት በስልክ የተነሳች አንዲት ፎቶ ናት፤ ስልኩም ጠፍቷል። ወደ እኔ ከመምጣታቸው በፊት አንድ ፎቶ ቤት ሄደው ነበር። ፎቶዋ ተጋድማ ነው የምትከፈተው፤ እዚያ ያለው ባለሙያ አቀናላቸውና «አስቀምጥ» አለው። በቃ። ሌላ ምንም አላደረገም። ሁላችንም በቀን ስንት ጊዜ የምናደርገው ነው።

እኔ ዘንድ የመጡት ትልቅ አድርጌ እንዳትምላቸው ነበር። ስከፍተው ቅንድቡ ዙሪያ ካሬ ካሬ ነገር ይታያል፤ የነጠላው ጥለት ተጨፍልቋል። እናትየው ጠጋ ብለው አዩና «ልጄ፣ ፊቱ ለምን ደበዘዘብኝ? ዓይኔ ነው?» አሉኝ። ምን ብዬ ልመልስ? ቀጠሉና «ለየትኛው ጥምቀት እንደተነሳ ማሽኑ ያውቃል ይባላል፤ እስቲ እይልኝ» አሉ። አየሁ። ቀኑም የለም። ፕሮግራሙ ሲያስቀምጥ ቀኑን ጭምር ጠርጎታል።

ምን ሆነ? ልንገራችሁ፤ ይህን ሳያውቅ ማንም ከዚህ አዳራሽ አይውጣ።

ስልክ ፎቶ ሲያነሳ ፋይሉ ውስጥ ኤግዚፍ የሚባል ማስታወሻ ይጽፋል፦ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የካሜራውን ዓይነት፣ አንዳንዴም ቦታውን። ስልኩ በየት በኩል ተይዞ እንደነበረም ከ1 እስከ 8 በሆነ ቁጥር ያስቀምጣል። ጥሩ ፎቶ ማያ ያንን ቁጥር አንብቦ ፎቶውን ራሱ ያቀናዋል፤ ፋይሉን አይነካም። ቁጥሩን የማያነብ ፕሮግራም ግን ተጋድሞ ያሳያችኋል፤ እናንተም «ልክ አይደለም» ብላችሁ ታዞሩታላችሁ። አያችሁ? ማዞር ያስፈለገው ፎቶው ስለተበላሸ አልነበረም። ፎቶ ማያው ማንበብ ስላልቻለ ነው!

የማዞሩም ዓይነት ሁለት ነው። ጄፔግ ፎቶውን 8 በ8 በሆኑ ትናንሽ ካሬዎች ከፍሎ ነው የሚይዘው። አንዳንዱ ፕሮግራም ካሬዎቹን ሳይፈታ ቦታቸውን ብቻ ይቀያይራል፤ የሚጠፋ ነገር የለም ማለት ይቻላል። ሌላው ሁሉንም ይፈታና እንደገና ይጨምቀዋል። የገብስ ጆንያን አዙሮ ማስቀመጥና ገብሱን ዘርግፎ እንደገና መክተት አንድ ነው ወይ? በተዘረገፈ ቁጥር የሚቀር አለ። የእኚያ እናት ፎቶ የተዘረገፈው ነው።

ግዌንቪው ጄፔግን ሳይፈታ ማዞር ያውቃል፤ ስታዞሩም ወዲያው አይጽፍም፣ ከላይ አሞሌ አውጥቶ ላስቀምጠው ወይስ በሌላ ስም ላስቀምጠው ብሎ ይጠይቃችኋል። አመሰግነዋለሁ ያልኩት ለዚህ ነው። አይ ኦፍ ጂኖምም ስትዘጉት ይጠይቃል። ፌህ የአሁኑ ስሪት በልዩ ትዕዛዝ ካልፈቀዳችሁለት በቀር ያዞረውን ፋይሉ ላይ አይጽፍም። ሉፕ የሚባለው አዲሱ የጂኖም ፎቶ ማያ ደግሞ ከጂኖም 48 ጀምሮ፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ከ2025 ወዲህ፣ መቁረጥም ማዞርም ተጨምሮበታል፤ ስለዚህ መመልከቻ ብቻ ነው ብላችሁ አትዘናጉበት።

ታዲያ የያዛችሁት ፕሮግራም የትኛው ዓይነት እንደሆነ በምን ታውቃላችሁ? በወሬ አይደለም። ሊኑክስ ላይ ሻ-256 የሚባለውን የፋይል አሻራ፣ ፋይሉ በትንሹም ቢነካ የሚለወጠውን ረጅም ምልክት፣ የሚያወጣ sha256sum የሚባል ትዕዛዝ አብሮ ይመጣል። አንድ ፎቶ ቅዱ፤ ዋናው አይደለም፣ ቅጂው። የቅጂውን አሻራ አውጡና ጻፉት። ከዚያ ፎቶውን በፕሮግራሙ ክፈቱ፣ ዙም አድርጉ፣ አዙሩ፣ ዝጉ። አሻራውን እንደገና አውጡ። አንድ ነው? ፕሮግራሙ ፋይሉን አልነካም። ተለያየ? ነክቷል፤ ያውም ሳይጠይቃችሁ ከሆነ ለብቸኛ ቅጂ አትመኑት።

«ፋይሉን ለንባብ ብቻ አድርጌዋለሁ፤ ማንም አይነካውም» የምትሉ አላችሁ፤ አውቃለሁ። አይበቃም! ብዙ ፕሮግራም አዲስ ፋይል ይጽፍና በአሮጌው ስም ይተካዋል፤ ለዚህ የሚያስፈልገው የፎልደሩ ፈቃድ ነው እንጂ የፋይሉ አይደለም። ፎልደሩን ጭምር ዝጉት። ደግሞ ሁለተኛ ቅጂ በሌላ ዲስክ ላይ ይኑር፤ ይህን መቼም ደጋግማችሁ ሰምታችኋል።

የእናትየውን ነገር ልጨርስ። ዘመዶቻቸውን አስጠየቅን፤ አንዲት የእህት ልጅ ያቺን ፎቶ ያኔ በብሉቱዝ ተቀብላ በአሮጌ ሚሞሪ ካርድ ይዛት ተገኘች። ያልተነካችው ፋይል ስትከፈት ቀኑ ውስጧ ነበር፤ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 19፣ 2018፤ በእኛ ጥር 11፣ 2010። ያንን ቀን ከፎቶው ሥር ጽፈን አተምንላቸው። ሁሉም ሰው ግን እንዲህ ያለ የእህት ልጅ አታጋጥመውም።

ሦስት ብዬ ነበር፤ ሳልናገር የማላልፈው አራተኛ አለ።

ያ ማስታወሻ ቀን ብቻ አይደለም የሚይዘው፤ ቦታም ይይዛል ብያለሁ። ጓሳ ላይ ቀይ ቀበሮ የምታነሱ ልጆች፣ ጉድጓዷ አጠገብ ያነሳችሁትን ፎቶ እንዳለ ለማያውቁት ሰው ስትልኩ ቦታዋንም ልካችኋል ማለት ነው። ይህ እንስሳ በዓለም ላይ ከእኛ አገር በቀር የለም፤ ቁጥሩም ጥቂት ነው። በፎቶ ቤት የተቀመጠ የሴት ልጅ ፎቶም የቤቷን ቦታ ይዞ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ፎቶ ማያችሁ ይህን መረጃ በግልጽ የሚያሳይ ይሁን። ሉፕ የፎቶውን ቦታ ከባሕርያቱ ጋር ያወጣዋል፤ ግዌንቪውም የጎን ሰሌዳ አለው። ያላያችሁትን ልታጠፉት አትችሉም።

ደኅንነትም አለ። «ፎቶ ቫይረስ አይሆንም፤ ሊኑክስ ላይማ ጭራሽ» ሲባል እሰማለሁ። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2023 ዌብፒ የሚባለውን የጉግል የፎቶ ዓይነት የሚፈታው ቤተ መጻሕፍት ላይ ከባድ ቀዳዳ ተገኘ፤ ሆን ተብሎ የተበላሸ ፎቶ ሲከፈት ብቻ ማሽኑ ላይ የሌላ ሰው ትዕዛዝ ሊሠራ ይችል ነበር። ያንኑ ቤተ መጻሕፍት ድር ማሰሻውም ፎቶ ማያውም ይጠቀሙበታል፤ ሊኑክስም ዊንዶውስም ሳይል። በቀናት ውስጥ ማስተካከያ ወጣ። ማን አገኘው? ማሽኑን ያደሰ ሰው። ስለዚህ ማንም የማያድሰው፣ ባለቤቱ የተወው ፕሮግራም ምንም ያህል ፈጣን ቢሆን አትያዙ። በዚያው ወር ከጂኖም 45 ጋር የወጣው ሉፕ ፎቶን የሚፈታው በተለየ፣ በታጠረ ክፍል ውስጥ ነው፤ ፎቶው ክፉ ቢሆን እንኳ ወደ ቀረው ማሽን እንዳይሻገር ታስቦ ነው የተሠራው። ከማያውቁት ሰው ፍላሽ ለሚቀበል ቤት ይህ ትልቅ ነገር ነው። አሮጌ ማሽን ላይ ግን ይከብዳል፤ እሱንም አልደብቃችሁም።

«ታዲያ አንዱን ንገረን» ትሉኛላችሁ። ለትምህርት ቤት፣ አሮጌ ማሽን ላላችሁ፣ ሪስትሬቶ። ለፎቶ ቤት ጊኪ፤ ደንበኛ በሚያመጣው ፍላሽ ላይ ሉፕ። ለብራና ግዌንቪው። ሚንት የጫናችሁ ኤክስቪወር አብሯችሁ መጥቷል፤ ከአይ ኦፍ ጂኖም የተቀዳ ነው፤ ለቤት ይበቃል። ዲጂካምና ሾትዌል የፎቶ መዝገብ አስተዳዳሪ ናቸው፤ ሥራቸው ሌላ ስለሆነ ዛሬ አልገባበትም።

ነገር ግን በእኔ ቃል ብቻ አትጫኑ። አንድ ፎልደር ክፈቱና «ፈተና» በሉት። ውስጡ በስልክ ቆሞ የተነሳ ፎቶ ይግባ፣ አንድ ኤችኢአይሲ ይግባ፣ አንድ ጥሬ ፋይል፣ ከስካነር የወጣ ትልቅ ቲፍ፣ 1፣ 2፣ 10 ተብለው የተሰየሙ ፎቶዎች። ፕሮግራም ሲመጣላችሁ በዚያ አሳልፉት፦ ቀና አድርጎ አሳየ ወይ? ሁሉንም ከፈተ ወይ? ቅደም ተከተሉ ልክ ነው? አሻራው ተለወጠ? ራሙስ ምን ያህል ሄደ? የመረጣችሁትን ደግሞ ነባሪ፣ ማለትም ፎቶ ስትነኩ በራሱ የሚከፍት፣ አድርጉት፦ ፎቶው ላይ ቀኝ ክሊክ፣ ባሕርያት ወይም «በሌላ ክፈት» የሚለው ውስጥ ገብታችሁ። ይህ ለየፋይሉ ዓይነት ለየብቻ የሚደረግ ነው፤ ለጄፔግ ብቻ አድርጋችሁ ፒኤንጂው በድሮው ሲከፈት እንዳትገረሙ።

አሁን ማሽኖቹ ተነስተዋል፤ መብራቱም እስካሁን አለ። ፍላሽ የያዛችሁ ወደ ፊት ኑ። ከኤችኢአይሲ እንጀምር፤ ጠዋት በር ላይ የጠየቁኝ ብዙዎች ስለ እሱ ነበር። የመሃል ሜዳው መምህር፣ እርስዎ ይቅደሙ፤ መኪናዎ ቶሎ ይነሳል ብለውኛል።